የሹራብ ፓተርን ላይ ያሉ ምህጻረ ቃላት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደብረ ብርሃን ላይ ሹራብ ከሚሠሩ ሴቶች ጋር ስንቀመጥ ደጋግመው የሚነሱት ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፤ ፓተርን በሚባለው የአሠራር መመሪያ ወረቀታችሁ ላይ በላቲን ፊደል የምታገኟቸውን ምልክቶች እዚህ እንደሚነበቡት በአማርኛ ጽፌያቸዋለሁ።

ፓተርኑ ለምን ቃሉን ሙሉ አይጽፍም?

ቦታ ለመቆጠብ ነው። የአንድ ሹራብ ጀርባ ብቻ ከመቶ በላይ ረድፍ ሊኖረው ይችላል። በየረድፉ «ሁለቱን በፊት ሥሩ፣ ቀጥሎ ሁለቱን በግልባጭ ሥሩ» እየተባለ ቢጻፍ ወረቀቱ መጽሐፍ ያክላል። ስለዚህ «ኬ2፣ ፒ2» ብለው ያልፉታል።

እንግሊዝኛ አልችልም ብለው ፓተርን የሚፈሩ ብዙ እጀ ወርቅ ሴቶች አውቃለሁ። አትፍሩት። ይህ ምልክት መለየት እንጂ እንግሊዝኛ ማንበብ አይደለም። ቀላል ሹራብ ላይ የምታገኟቸው ምልክቶች ብዙ ጊዜ ሃያ እንኳ አይሞሉም። የጥልፍ ሞዴል በዓይኑ አይቶ፣ ቆጥሮ የሚሠራ ሰው ይህ አያቅተውም።

ከየት ልጀምር?

ከመፍቻው። ጥሩ ፓተርን ሁሉ መጀመሪያው ወይም መጨረሻው ላይ የምልክቶቹ ዝርዝር አለው። ክሩን ሳትነኩ እሱን ፈልጉ። ፎቶ ኮፒ ስታስነሡም ያንን ገጽ አትተዉት። ብዙ ሰው ሥዕሉ ያለበትንና የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ ያስነሣና በኋላ ይቸገራል።

መፍቻው የሚያስፈልገው አንድ ምልክት በሁለት ፓተርን ሁለት ነገር ሊሆን ስለሚችል ነው። «ኬ1ቢ» አንዱ ጋ «በዓይኑ (መርፌው ላይ ባለችው ቀለበት) ጀርባ በኩል ሥሩ» ማለት ነው። ሌላው ጋ «ከታች ባለው ረድፍ ዓይን ውስጥ ገብታችሁ ሥሩ» ይሆናል። «ሲ» የሚለው ፊደልም አንዳንዴ የክር ቀለም ነው፣ አንዳንዴ የሽሩባ ጥምዝ ነው። ስለዚህ ደብተር ያዙ። በግራ በኩል ምልክቱን፣ በቀኝ በኩል እጃችሁ የሚያደርገውን በራሳችሁ አማርኛ ጻፉ።

በስልኬ ብተረጉመውስ?

አይሆንም። የስልክ መተርጎሚያ እንደ «ኬ2 ቶግ» ያለውን ምልክት ብዙ ጊዜ አያውቀውም። ወይ እንዳለ ይተወዋል፣ ወይ የማይሆን ቃል ይሰጣችኋል። ረዥሙን ማብራሪያ፣ ለምሳሌ የክሩን አጠባበቅ፣ ለመረዳት ግን ይጠቅማል።

ኬ እና ፒ ምንድን ናቸው?

ሁሉም ነገር የተሠራው ከእነዚህ ሁለቱ ነው። ኬ «ኒት» ነው፤ ፒ «ፐርል» ነው። እኔ ኒትን የፊት፣ ፐርልን የግልባጭ እላቸዋለሁ። መርፌው ላይ የተንጠለጠለችውን እያንዳንዷን ቀለበት ደግሞ ዓይን እላታለሁ። ፓተርኑ «ኤስ ቲ» የሚላት እሷን ነው፤ ሲበዙ «ኤስ ቲ ኤስ» ይሆናሉ።

ኬ ሲሆን ክሩ ከመርፌው ኋላ ነው። መርፌው ከፊት ወደ ኋላ ይገባና ክሩን ወደ እናንተ ይስባል። ፒ ሲሆን ክሩ ከፊት ነው። መርፌው ከኋላ ወደ ፊት ይገባና ክሩን ወደዚያ ይገፋል። ሥራውን ስታዩት ኬ እንደ ሰንሰለት ለስላሳ ሆኖ ይወርዳል። ፒ ደግሞ ምስር ተደርድሮ እንደተሰፋ ጉብ ጉብ ይላል። አንዱ ለሌላው ጀርባው ነው።

ቁጥሩ ስንት ዓይን እንደሚሠራ ይነግራችኋል። «ኬ5» አምስት ዓይን በፊት። «ሲ ኦ» ዓይኖቹን መርፌው ላይ መደርደር፣ ማለትም መጀመር ነው። «ቢ ኦ» መዝጋት ነው። «ሬፕ» ድገሙ፣ «ቤግ» መጀመሪያ፣ «አር ኤን ዲ» ዙር ነው።

አር ኤስ ማለት የቀኝ ጎን ነው?

አይደለም። ይህ በጣም ብዙ ሰው የሚያሳስት ነው። «ራይት» ቀኝ ማለት ስለሆነ «አር ኤስ»ን ቀኝ ጎን ብለን እናነበዋለን። እዚህ ግን ትክክለኛው ገጽ፣ ማለትም ሲለበስ ሰው የሚያየው የልብሱ ፊት ነው። «ደብልዩ ኤስ» ደግሞ ገላን የሚነካው ውስጡ ነው። «አር ኤስ ረድፍ» ሲል የልብሱ ፊት ወደ እናንተ ዞሮ የምትሠሩት ረድፍ ማለቱ ነው።

ከፊት የሚከፈት ሹራብ ላይ ግን «ራይት ፍሮንት» የሚል ስታገኙ እዚያ ቀኝ እውነትም ቀኝ ነው። የማን ቀኝ? የለባሹ። ጭናችሁ ላይ ዘርግታችሁ ስታዩት በግራችሁ ሊውል ይችላል። ግራ ከገባችሁ ደረታችሁ ላይ አስደግፉት፤ ወዲያው ይገለጣል።

ኮከቡና ቅንፉ ምን ይላሉ?

ኮከብ «ድግግሞሹ ከዚህ ይጀምራል» የሚል ምልክት ነው። አንድ ረድፍ አብረን እንፍታ። እጅጌና ወገብ ላይ እንደ ላስቲክ የሚሳበው ክፍል እንዲህ ተጽፎ ታገኙታላችሁ፦ «✱ኬ2፣ ፒ2፤ ሬፕ ከ✱ እስከ መጨረሻዎቹ 2 ኤስ ቲ ኤስ፣ ኬ2»። መርፌያችሁ ላይ 42 ዓይን አለ እንበል። ሁለት ፊት፣ ሁለት ግልባጭ፤ ይህ አራት ዓይን ነው። አሥር ጊዜ ስትደግሙት 40 ይሆናል። የቀሩትን ሁለቱን በፊት ሠርታችሁ ትጨርሳላችሁ። መጨረሻ ላይ ሦስት ወይም አንድ ከቀራችሁ የሆነ ቦታ ተሳስታችኋል ማለት ነው። ወደሚቀጥለው ረድፍ አትለፉ።

ቅንፍ ትንሽ ይለያል። «[ኬ1፣ ዋይ ኦ] 3 ጊዜ» ካለ በጠቅላላው ሦስት ጊዜ ነው። ኮከብ ላይ «ሬፕ ከ✱ ተጨማሪ 3 ጊዜ» ካለ ግን የመጀመሪያውን ጨምሮ አራት ጊዜ ነው። በዚህች አንዲት ልዩነት ስንቱ ተተርትሯል!

«ሲ ኦ 64 (72፣ 80)» ይላል። የትኛውን ልሥራ?

ይህ የመጠን ነገር ነው። ፓተርኑ ለሦስት ቁመና አንድ ላይ ተጽፏል። ከቅንፉ ውጭ ያለው ትንሹ መጠን ነው። ቅንፉ ውስጥ ያሉት በቅደም ተከተል መካከለኛውና ትልቁ ናቸው። መካከለኛውን ከመረጣችሁ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሁልጊዜ ሁለተኛውን ቁጥር ውሰዱ።

ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ወረቀቱን ሙሉ አንብቡና የእናንተን ቁጥር በእስክሪብቶ ክበቡት። መብራት ሲጠፋ በሻማ ስትሠሩ ትመሰግኑታላችሁ። በቁጥሩ ቦታ ሰረዝ ወይም ዜሮ ካያችሁ «ለእናንተ መጠን ይህ አይሠራም፣ እለፉት» ማለት ነው።

ኬ2 ቶግ እና ኤስ ኤስ ኬ ሁለቱም ዓይን ይቀንሳሉ። ለምን ሁለት ሆኑ?

የሚያዘነብሉበት አቅጣጫ ስለሚለያይ ነው። «ኬ2 ቶግ» ሁለት ዓይን አንድ ላይ በፊት መሥራት ነው። መርፌውን በሁለቱም ዓይኖች ባንዴ ታስገባላችሁ፤ እንደ አንድ ትሠሯቸዋላችሁ። ሁለት የነበረው አንድ ሆኖ ወደ ቀኝ ያዘነብላል። ከ«ኬ2» ጋር አታምታቱት። «ኬ2» ሁለቱን ለየብቻ ነው፤ ዓይን አይቀንስም። «ቶግ» የምትለው ትንሿ ጭራ ናት ልዩነቱ።

«ኤስ ኤስ ኬ» ላይ መጀመሪያ አንዱን ዓይን ሳትሠሩት፣ በፊት እንደምትሠሩት አድርጋችሁ ወደ ቀኙ መርፌ ታሻግሩታላችሁ። ሁለተኛውንም እንደዚያው። ከዚያ የግራውን መርፌ በሁለቱ ፊት በኩል አስገብታችሁ አንድ ላይ ትሠሯቸዋላችሁ። ይሄኛው ወደ ግራ ያዘነብላል። የእንግሊዝ ፓተርኖች በቦታው «ኤስ ኬ ፒ ኦ» ይላሉ። እሱም አንዱን አሻግሮ፣ ቀጣዩን ሠርቶ፣ የተሻገረውን በላዩ ማሳለፍ ነው። የሚያዘነብለውም ወደዚያው ወደ ግራ ነው። ብብት ላይ ስትቀንሱ ረድፉ ሲጀምር ኤስ ኤስ ኬ፣ ሲያልቅ ኬ2 ቶግ ከሠራችሁ ሁለቱ ጠርዞች ፊት ለፊት ይተያያሉ። ሥራችሁን የሚያሳምረው ይህ ነው።

የኮፍያ አናት ላይ ሒሳቡ ግልጽ ሆኖ ይታያል። 80 ዓይን አላችሁ፤ ዙሩ «✱ኬ6፣ ኬ2 ቶግ✱» ይላል። ስምንት ዓይን ሰባት ይሆናል፣ አሥር ጊዜ ይደገማል፤ ዙሩ ሲያልቅ 70 ነው። በሚቀጥለው «✱ኬ5፣ ኬ2 ቶግ✱» ሲል 60 ይሆናል። ፓተርኑ ዙሩ መጨረሻ ላይ «70 ኤስ ቲ ኤስ» ብሎ የሚጽፈው ለዚህ ነው። ያንን ቁጥር አትዝለሉት። እኔ ከሁሉም በላይ የምተማመነው በእሱ ነው።

ዋይ ኦ፣ ኤም 1 እና ዋይ ኤፍ ደብልዩ ዲ ይምታቱብኛል።

ሦስቱም ዓይን ሊጨምሩ ይችላሉ። «ዋይ ኦ» ክሩን መርፌው ላይ አንዴ መጠቅለል ብቻ ነው። ሆን ተብሎ ቀዳዳ ይተዋል፤ የዳንቴል መልክ ያለው ሹራብ የሚሠራው በእሱ ነው። «ኤም 1» ቀዳዳ የሌለው ጭማሪ ነው። በሁለት ዓይኖች መካከል ያለችውን አግዳሚ ክር በግራው መርፌ አንሥታችሁ በጀርባዋ በኩል ትሠሯታላችሁ። በጀርባ በኩል ስትሠሯት ትጠመዘዝና ቀዳዳው ይዘጋል። ሳትጠመዘዝ ከሠራችኋት ትከፈታለች።

«ዋይ ኤፍ ደብልዩ ዲ» የእንግሊዝ አጻጻፍ ነው። ቃል በቃል ክሩን ወደ ፊት አምጡ ማለት ነው። በሁለት የፊት ዓይኖች መካከል ሲመጣ ግን ክሩ ከፊት እንዳለ ቀጣዩን ስትሠሩ መርፌው ላይ ይጠቀለላል፤ ስለዚህ ያው ዋይ ኦ ነው። «ደብልዩ ዋይ አይ ኤፍ» ከሆነ ክሩ ከፊት ሆኖ ቀጣዩን ዓይን ሳትሠሩት አሻግሩ ነው፤ ጭማሪ የለውም።

ዲ ኬ ይላል። ደርቤ ልሥራ ማለት ነው?

አይደለም። ዲ ኬ «ደብል ኒቲንግ» ነው፤ ደብል ድርብ ማለት ቢሆንም እዚህ የክር ውፍረት ስም ነው፤ መካከለኛ ክር ነው። ብዙውን ጊዜ በ4 ሚሊ ሜትር መርፌ 10 ሴንቲ ሜትር ላይ 22 ዓይን ይሰጣል። «4 ፕላይ» ከዚያ ይቀጥናል፤ «አራን» ይወፍራል።

የመርፌ ቁጥር ላይም ተጠንቀቁ። ከውጭ አገር ዘመድ የሚልክልን፣ ከሰልባጅ መሐል የሚገኘው መርፌ አንዳንዱ የአሜሪካ ቁጥር ነው፣ አንዳንዱ የድሮው የእንግሊዝ። የአሜሪካ 8 ማለት 5 ሚሊ ሜትር ነው። የድሮው የእንግሊዝ 8 ግን 4 ሚሊ ሜትር ነው። በአሜሪካ ቁጥሩ ሲጨምር መርፌው ይወፍራል፤ በድሮው የእንግሊዝ ይቀጥናል። በሚሊ ሜትር የተጻፈውን ብቻ እመኑ። ከብስክሌት ራጂ መርፌ ሠርታችሁ ከሆነ ራጂ ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ለ4 ሚሊ ሜትር የተጻፈ ፓተርን በእሱ ከሠራችሁ ልብሱ ይደርቃል፣ መጠኑም ያንሳል።

በመንዝ በግ ፀጉር ብሠራው ይሆናል?

ይሆናል። ግን መጀመሪያ «ጌጅ» የሚለውን መስመር ፈልጉ። የእንግሊዝ ፓተርን «ቴንሽን» ይለዋል። «22 ኤስ ቲ ኤስ እና 30 ረድፍ = 10 ሴንቲ ሜትር» ዓይነት ነገር ይላል። ከመጀመራችሁ በፊት መዳፍ ሞልቶ የሚተርፍ ቁራጭ ሥሩ። እጠቡት፣ አድርቁት፣ ከዚያ በማስመሪያ መሐሉ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ለክታችሁ ዓይኖቹን ቁጠሩ።

ለምን እንደምጨቀጭቅ በቁጥር ላሳያችሁ። ፓተርኑ ለጀርባው 100 ዓይን ይላል። በ22 ከሄዳችሁ ስፋቱ 45 ሴንቲ ሜትር ተኩል ነው። እጃችሁ ላላ ብሎ 20 ከሰጣችሁ 50 ይሆናል። ፊትና ጀርባ ሲደመር የዘጠኝ ሴንቲ ሜትር ልዩነት ነው። በእንዝርት የተፈተለ ወፍራም ፀጉር 14 ቢሰጣችሁማ ያው 100 ዓይን 71 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ያ ለሁለት ሰው ይበቃል! ዓይን ከበዛባችሁ መርፌውን አወፍሩ፣ ካነሰ አቅጥኑ። በመርፌ የማይስተካከል ከሆነ የምትፈልጉትን ስፋት በሴንቲ ሜትር በራሳችሁ ጌጅ አባዝታችሁ፣ ለ10 አካፍላችሁ የዓይኑን ቁጥር ቀይሩ።

አንድ ነገር ልጨምር። የመንዝ በግ ፀጉር ሻካራ ነው። ባና እና ዝተት የሚሠራበት፣ ውርጭ የሚመክት ነው። ከላይ ለሚደረብ ሹራብ እወደዋለሁ። ለሕፃን ኮፍያ ግን አልመክርም፤ ግንባር ይቧጥጣል።

ዳንቴል ስሠራ የፓተርኑ ሥራ ከሥዕሉ በጣም ረዘመ። ምን ሆኖ ነው?

የእንግሊዝና የአሜሪካ ፓተርን ተምታቶባችሁ ይሆናል። በኪሮሽ ሥራ ሁለቱ አገሮች አንድን ስም ለተለያየ ነገር ይጠቀሙበታል። «ዲ ሲ» በእንግሊዝ አጭሩ የኪሮሽ ዓይን ነው። በአሜሪካ ረዘም ያለው ነው፤ እንግሊዞች ያንን «ቲ አር» ይሉታል። መለያው ቀላል ነው። ፓተርኑ ውስጥ «ኤስ ሲ» የሚል ካገኛችሁ የአሜሪካ ነው፤ እንግሊዞች ይህን አይጠቀሙበትም።

በመርፌ ሹራብ ላይ ልዩነቱ ይህን ያህል አይጎዳም። «ካስት ኦፍ» ካለ የእንግሊዝ፣ «ባይንድ ኦፍ» ካለ የአሜሪካ ነው፤ ሁለቱም መዝጋት ናቸው።

«በእያንዳንዱ ጫፍ 1 ዓይን ቀንሱ፣ በየ4ኛው ረድፍ፣ 6 ጊዜ» ማለት ስንት ይቀንሳል?

አሥራ ሁለት። ጫፍ ሁለት ነው፣ የረድፉ መጀመሪያና መጨረሻ። በአንዱ የመቀነሻ ረድፍ ሁለት ዓይን ይሄዳል፤ ስድስት ጊዜ ሲሆን 12። በ80 ከጀመራችሁ 68 ይቀራችኋል። ደብተር ላይ ስድስት ጭረት አስምሩና እየሠራችሁ ሰርዙ።

እዚህ አካባቢ ነው በትልልቅ ፊደል «አት ዘ ሴም ታይም» የሚል የሚመጣው። ትርጉሙ «ከዚያው ጎን ለጎን» ነው። ለእህቴ ልጅ ሹራብ ስሠራ የብብቱን ቅነሳ እስከ መጨረሻው ጨርሼ ገጹን ገለበጥኩ። የአንገቱ ቅርጽ ከብብቱ ጋር አብሮ መጀመር ነበረበት። የሁለት ማታ ሥራ ተረተርኩ፤ ክሩም በመተርተር ብዛት ሻከረ። ከዚያ ወዲህ ብብት ላይ ስደርስ አንድ ገጽ ወደፊት ሳላነብ መርፌ አላነሣም።

በካሬ የተሠራው ቻርት ከየት ይነበባል?

ከታች፣ ከቀኝ ጥግ። ሹራብ ከታች ወደ ላይ ስለሚያድግ ቻርቱም እንደዚያው ነው። የልብሱ ፊት ወደ እናንተ ሲሆን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ውስጡ ሲሆን ከግራ ወደ ቀኝ ታነቡታላችሁ። በዙር ከሆነ የምትሠሩት ሁልጊዜ ከቀኝ ወደ ግራ ነው። ባዶ ካሬ አብዛኛውን ጊዜ በፊት ሲታይ ኬ፣ በውስጥ ሲሠራ ፒ ነው።

ቁጥሬ ከፓተርኑ ጋር አልገጥም አለ። ጥፋቱ የማን ነው?

መጀመሪያ ከራሳችሁ ጀምሩ። የጎደለው አንድ ዓይን ከሆነ ብዙ ጊዜ የተረሳ ዋይ ኦ ነው። የበዛ ከሆነ ክር ሳይታወቅ መርፌው ላይ ተጠቅልሎ ይሆናል። ሁለት ጊዜ ቆጥራችሁ ካልተገኘ የፓተርኑን ሒሳብ ራሱን ሥሩት። ድግግሞሹ ስንት ዓይን ይበላል? ስንት ይሰጣል? በስንት ይባዛል? ፓተርን የሚጽፈው ሰው ነው፤ ይሳሳታል። አዘጋጆቹ ራሳቸው ከታተመ በኋላ ማረሚያ የሚያወጡለት ጊዜ አለ፤ «ኢራታ» ይሉታል። የፓተርኑን ስም ከዚህ ቃል ጋር አድርጋችሁ ኢንተርኔት ላይ ፈልጉት።

ከባድ ረድፍ ከመጀመራችሁ በፊት ደግሞ ይህን አድርጉ። ሰፋ ባለ የስፌት መርፌ ቀይ ክር ወይም ሌላ ደማቅ ቀለም ያለው ለስላሳ ክር አስገቡና መርፌው ላይ ባሉት ዓይኖች ሁሉ ውስጥ አሳልፉት። ክሩን እዚያው ትታችሁ ሥራውን ቀጥሉ። ከተበላሸ መርፌውን አውጥታችሁ ያለ ፍርሃት ተርትሩ። መተርተሩ ቀዩ ክር ጋ ሲደርስ ይቆማል፤ ዓይኖቹም አንድ ሳይጎድሉ ተደርድረው ይጠብቋችኋል።